ርካሹ የመዳብ ቱቦ የትኛው ነው? በራጉኤል ዙሪያ ለአረቄ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

አረቄ እያወጣ የሚተዳደር ቤተሰብ ዕቃውን ለማሻሻል ሲነሣ ቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ የመዳብ ቱቦ ነው። የሸምበቆው መተላለፊያ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ እንፋሎትም ያመልጥበታል። መቀበያው የተቀመጠበት ውሃ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ይሞቅና ጠብታ መሆን የነበረበት እንፋሎት በአየር ላይ ይቀራል። ተጠምዝዞ በውሃ በርሜል ውስጥ የሚያልፍ የመዳብ ቱቦ ይህን ሁሉ ያቃልላል። ቱቦውን ፍለጋ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አውቶቡስ ተራ ከወረደ በኋላ እግሩ የሚመራው ወደ መርካቶ፣ በተለይም ወደ ራጉኤል ዙሪያ ነው።

በዚያ ገበያ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጥቅል፣ ከፍሪጅ የተፈታ አሮጌ ቱቦ፣ ከመኪና ራዲያተር የተነቀለ መዳብና ናስ በተቀራራቢ ስፍራ ይገኛል። ሁሉም በገዢው ፊት “መዳብ” ተብሎ ይቀርባል፤ ዋጋው ግን እጅግ ይራራቃል። አዲስ ገዢ ወደ ርካሹ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱ እርሳስ የተባለውን መርዘኛ ማዕድን ያለ ሽታና ያለ ጣዕም ወደ አረቄው የሚያስገባ ነው። በሌላ በኩል አዲሱ ቱቦ የሚያስፈልገው ርዝመት በትክክል ታውቆ፣ በሚዛን ተመዝኖና ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ቢገዛ ብዙዎች እንደሚፈሩት አቅም የሚያሳጣ አይደለም።

ራጉኤል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእርሱ ብዙም ሳይርቅ ታላቁ አንዋር መስጊድ ይገኛል። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረ ሲሆን ወደዚህ የተዛወረው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ መርካቶ የሚለው ስምም ገበያ ማለት ሆኖ ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው። ዛሬ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሥር ያለው ይህ ሰፊ ገበያ በየ“ተራ”ው የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚቀርበው ምናለሽ ተራ ነው። “ቁራሌው” እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰብሳቢ ያመጣው አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮና በርሜል በዚያ ይፈታል፣ ይቀጠቀጣል፣ ምድጃና ባልዲ ሆኖም ይወጣል። የባለሙያዎቹ እጅ የሚደነቅ ነው። ሲሸጥ ግን የዕቃው የቀድሞ ታሪክ አብሮ አይነገርም፤ በርሜሉ ዘይት ይዞ ይሁን ኬሚካል፣ ቱቦው ውሃ አሳልፎ ይሁን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ስለዚህ ምድጃውንና የውሃ በርሜሉን ከምናለሽ ተራ መግዛት ብልህነት ነው። አረቄው የሚያልፍበትን ቱቦ ግን የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ መፈለግ ይሻላል። ነጋዴው “ኮፐር” ብሎ ሊጠራው ይችላል። በእነዚህ ሱቆች የሚሸጠው ለስላሳ የመዳብ ቱቦ በእጅ የሚጠመዘዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ጥቅል ይመጣል፤ አቧራና እርጥበት እንዳይገባበትም ሁለቱ ጫፎቹ በክዳን የተደፈኑ ናቸው። ክዳኑ እንዳለ መሆኑ ዕቃው አዲስ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ለቧንቧ ሥራ የሚውለው ጠንካራ ቀጥ ያለ መዳብ በአንጻሩ ሲጠመዘዝ ስለሚታጠፍና ስለሚሰበር ለዚህ ሥራ አይመችም።

ስንት ሜትር ያስፈልጋል?

ብዙ ገዢ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው በረዘመ ቁጥር አረቄው የሚበዛ ይመስለዋልና ሙሉ ጥቅል ይገዛል፤ አለዚያም የሙሉ ጥቅሉ ዋጋ ያስደነግጠውና ወደ አሮጌው ይዞራል። ሁለቱም ሳያሰላ ነው።

የአረቄውን መጠን የሚወስነው ድፍድፉና እሳቱ ነው። የቱቦው ሥራ የመጣውን እንፋሎት ሙቀት ተቀብሎ ለውሃው ማስረከብ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ የሚያወጣ የቤት ውስጥ ዕቃ ወደ ውሃው የሚለቀው ሙቀት አንድ ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። የውጭ ወርዱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ማለትም 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በውሃ ውስጥ ተነክሮ ይህን ያህል ሙቀት ለማስረከብ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይበቃዋል። ወደ ማሰሮውና ወደ መቀበያው የሚዘረጋው ተጨምሮ 5 ሜትር ቢሆን አያንስም። ከዚህ በላይ ያለው ርዝመት ገንዘብ ከማስወጣት በቀር ጥቅም የለውም።

እንግዲህ አንድ የ15 ሜትር ጥቅል ለሦስት ቤተሰብ ይበቃል ማለት ነው። በአንድ መንደር ያሉ ሦስት አረቄ አውጪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አንዱን ልከው አንድ ጥቅል ቢያስገዙ እያንዳንዳቸው ከሱቅ በሜትር ከሚቆረጠው ባነሰ ዋጋ አዲስ ቱቦ ያገኛሉ። ዕቁብና ዕድር ለለመደ ማኅበረሰብ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። የማዋጣቱ ዕድል የሌለው ሰውም በሜትር የሚቆርጥለት ሱቅ ፈልጎ አምስት ሜትር ብቻ ይግዛ።

ሩብ ኢንች የሆነው ቀጭኑ ቱቦ ዋጋው ያነሰ ቢሆንም ለእንፋሎት ይጠባል፤ ከድፍድፉ ተፍቆ የሚመጣ ገለባ ወይም አረፋም ሊደፍነው ይችላል። የተደፈነ ቱቦ ያለው ማሰሮ ደግሞ የታመቀ ኃይል የያዘ ዕቃ ነውና ከዋጋው ልዩነት ይልቅ ደኅንነቱ ይበልጣል። በትልቅ በርሜል ብዙ የሚያወጣ ሰው ግማሽ ኢንች የሆነውን ይምረጥ።

ሚዛን የማይዋሸው

የመዳብ ዋጋ በየጊዜው የሚዋዥቅ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ የብር መጠን መጥቀስ ገዢውን ከመርዳት ይልቅ ያሳስተዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የአንድ ቶን መዳብ ዋጋ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሱቅ ውስጥ የሚሰማው ዋጋ የእነዚህ የሁለቱ ውጤት ነው። ገዢው ሊቆጣጠረው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሚከፍለው ለስንት ኪሎ መዳብ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነና የግድግዳው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ የመዳብ ቱቦ በአንድ ሜትር 196 ግራም ገደማ ይመዝናል። አምስት ሜትሩ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ 15 ሜትሩ 2.9 ኪሎ ይሆናል። ይህች ቁጥር በቃል ልትያዝ የሚገባት ናት፦ አምስት ሜትር፣ አንድ ኪሎ። ግማሽ ኢንች የሆነው በተመሳሳይ ውፍረት በሜትር 268 ግራም ያህል ይመዝናል።

ጥቅሉ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከዚህ ብዙ ካነሰ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ርዝመቱ ተቀንሷል፤ ወይም ግድግዳው ሳስቷል፤ ወይም ደግሞ ዕቃው መዳብ አይደለም። ግድግዳው 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በዓይን ሲታይ ከወፍራሙ አይለይም፤ 15 ሜትሩ ግን ከ1.9 ኪሎ አይበልጥም። አንድ ኪሎ መዳብ ጎደለ ማለት ነው። ሲጠመዘዝም ቶሎ ይሰረጉዳል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ከእውነተኛው ወደ ሲሶው ዝቅ ይላል።

ሚዛን በሌለበት ትንሽ ማግኔትና አሮጌ ሞረድ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ማግኔት መዳብን አይስብም፤ ከሳበው ከላይ መዳብ የተለበጠ ብረት ነው። በአንዳንድ ፍሪጆች ጀርባ ያለው ቱቦ እንዲህ ያለ ነው። ጫፉ በሞረድ ሲፋቅ ውስጡ እንደ ላዩ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ መዳብ ነው፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ ወደ ቢጫ ካደላ ናስ ነው። ሻጩ “አይፋቅም” ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ከራዲያተር የሚመጣው እርሳስ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ለአረቄ ማቀዝቀዣነት የተፈጠረ ይመስላል። በውስጡ በርካታ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ሙቀት ለማስተላለፍ የተሠራ ነው፤ ከአዲስ ቱቦም በእጅጉ ይረክሳል። ችግሩ ያለው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። በቀድሞው አሠራር የመዳብና የናስ ራዲያተር ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚጣበቁት እርሳስና ቆርቆሮ በተቀላቀለበት ማጣበቂያ ነው፤ በዚህ ማጣበቂያ ውስጥም የእርሳሱ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ይበልጣል። የአረቄ እንፋሎት ትኩስ ነው፤ ከድፍድፉ የመጣ ኮምጣጣ አሲድም ይዟል። ይህ ትኩስና ኮምጣጣ ፈሳሽ በየመጋጠሚያው ሲያልፍ እርሳሱን በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟ ይዞት ይወርዳል።

ነገሩ በሩቅ አገር ታይቷል። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 በቤት የወጣ አረቄ መሰል መጠጥ በጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን ተገኝቶ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዘግቦታል። መጠጡ የወጣበት ዕቃ የመኪና ራዲያተርን ለማቀዝቀዣነት የተጠቀመ ነበር። በዚያ አገር ደቡባዊ ክፍል ራዲያተርና የእርሳስ ብየዳ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የቤት አረቄ ጠጪዎችን ሲመርዙ ኖረዋል።

እርሳስ በአንድ ብርጭቆ አይገድልም። በሰውነት ውስጥ፣ በተለይም በአጥንት፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ የእጅ መድከምና መደንዘዝ፣ የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል፤ በብዛት ሲሆንም አእምሮን ያናውጣል። የሚያሳስበው እነዚህ ምልክቶች ከሌላ በሽታ ጋር የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ሰው ሆዱን ሲቆርጠው “አረቄው ከበደኝ” ይላል እንጂ ቱቦውን አይጠረጥርም። ነፍሰ ጡር ሴት የያዘችው እርሳስ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ የሕፃናትን አእምሮ ዕድገትም ይጎዳል። አረቄውን የምታወጣው እናት ጥንካሬውን ለማወቅ ስትል ከእያንዳንዱ ዙር የምትቀምስ በመሆኑ ከደንበኛው ሁሉ በፊት የሚደርሰው ለእርሷ ነው።

የመዳቡና የእርሳሱ ጉዳት ምን ያህል እንደሚለያይ ለመረዳት የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠውን ልክ ማነጻጸር ይበቃል። ለመዳብ የተቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእርሳስ ግን 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው።

አንዳንድ ሰው “ዳግም ስለማወጣው ይጠራል” ብሎ ይጽናና ይሆናል። ዳግም አረቄ ማውጣት ጥንካሬን ይጨምራል፤ የመጀመሪያውን አረቄ እርሳስም በማሰሮው ውስጥ ያስቀራል። ነገር ግን አዲሱ እንፋሎት የሚቀዘቅዘው በዚያው ራዲያተር ውስጥ ከሆነ ከመጨረሻው መጋጠሚያ አዲስ እርሳስ ይዞ ይወጣል። እርሳሱ የሚመጣው ከድፍድፉ ሳይሆን ከማቀዝቀዣው ነውና ማጣራት፣ ደጋግሞ ማውጣት ወይም ራዲያተሩን ማጠብ አይፈታውም። የጸዳ ራዲያተር የሚባል ነገር ለዚህ ሥራ የለም። በውስጡ ኖሮ የነበረው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ራሱም መርዝ ነው።

ለዚህ ነው፦ ገንዘብ አልሞላ ያለ ሰው ሸምበቆውንና የሸክላ ዕቃውን ይዞ ቢቆይ ራዲያተር ከመግዛት ይሻለዋል የምንለው። የአያቶች ዕቃ እንፋሎት ያባክናል፤ ውሃና ማገዶም ይጨርሳል፤ እርሳስ ግን የለበትም።

ከፍሪጅ የተፈታው ቱቦስ?

እዚህ ላይ መልሱ ለምን ሥራ እንደተፈለገ ይለያያል። በአረቄ ማቀዝቀዣ ውስጥ መጠጡ የሚያልፈው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ውሃው ያለው በውጭ ነው። በፍሪጅ ቱቦ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት የኮምፕረሰር ዘይት ሲዘዋወር ኖሯል። ጠባብ የሆነን የብዙ ሜትር ቱቦ ከውስጥ አጥርቶ ማጠብ ከባድ ነው፤ መጥራቱን በዓይን ማረጋገጥም አይቻልም። በተጨማሪም የፍሪጅ ቱቦ በየቦታው የተበየደ ነው፤ አንዳንዱ የብየዳ ዘንግ ካድሚየም የተባለ ሌላ መርዛማ ማዕድን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ለአረቄ አይመከርም።

በከተማ ግን ለሌላ ሥራ የሚገዙት አሉ። ቢራ በቤታቸው ጠምቀው የሚሞክሩ ሰዎች የብቅሉን ጭማቂ ከጌሾ መሰል ቅጠል ጋር ካፈሉ በኋላ እርሾ ከመጨመራቸው በፊት በፍጥነት ማቀዝቀዝ አለባቸው። እርሾ በትኩስ ፈሳሽ ይሞታል፤ ጭማቂው በገዛ ጊዜው እስኪበርድ ቢጠበቅ ደግሞ ሌላ ተሐዋስያን ቀድሞ ይገባበትና ይኮመጥጣል። ጠላ ጠማቂ ይህ ችግር እንዲህ አይጠናባትም፤ የጠላ ድፍድፍ ያንኑ ኮምጠጥ ማለት እንደ ጣዕሙ አካል ስለሚቀበለው ነው። ቢራ ጠማቂው የተጠመዘዘውን ቱቦ ድስቱ ውስጥ ይነክረውና በቱቦው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያሳልፍበታል። ሁኔታው ከአረቄው ተገላቢጦሽ መሆኑን ልብ ይሏል፤ መጠጡን የሚነካው የቱቦው ውጪ ነው፤ ውስጡን የሚነካው ውሃ ብቻ ነው። ውጪውን ፍቆ ማጥራት ስለሚቻል ብየዳና ቀለም የሌለበት፣ የማያፈስ፣ ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ቢገኝ ያገለገለ ቱቦም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ለ20 ሊትር ድስት የጥቅሉ ግማሽ ማለትም 7.5 ሜትር ገደማ ይበቃል። እዚህ ርዝመቱ የጨመረው ያን ሁሉ የፈላ ፈሳሽ በአጭር ጊዜ ማብረድ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጥምዘዛና መጋጠሚያ

ለአረቄ ማቀዝቀዣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ቱቦውን ከማሰሮው እስከ መቀበያው አንድ ወጥ ማድረግ ነው። መጋጠሚያ ከሌለ ብየዳ የለም፤ ብየዳ ከሌለ የእርሳስ ሥጋት የለም። በግድ መቀጠል ካስፈለገ ብየዳ ሠሪውን እርሳስ በሌለው ማጣበቂያ እንዲሠራ መጠየቅ፣ ማሸጊያውንም ማየት ይገባል። ለሬዲዮና ለኤሌክትሪክ ጥገና የሚውለው የተለመደው ማጣበቂያ እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ለዚህ አይሆንም።

ቱቦው ሳይሰረጉድ እንዲጠመዘዝ በደቃቅ ደረቅ ጨው ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ መድፈንና ክብ በሆነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በትልቅ ጣሳ ወይም በግንድ ላይ፣ ቀስ እያሉ መጠቅለል ነው። ጨው ከአሸዋ የሚሻለው ሥራው ሲያልቅ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ስለሚወጣ ነው። ጨው የተሞላ ቱቦ ግን እሳት ላይ አይቀመጥም። ጥቅልሉ ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ ቁልቁል የሚወርድ መሆን አለበት። በመካከል ወደ ላይ የሚቃና ቦታ ካለ አረቄው እዚያ ይጠራቀምና የእንፋሎቱን መንገድ ይዘጋል።

ቱቦው ከማሰሮው ክዳን ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሊጥ መምረግ ጥሩ ነው። ሊጥ መጠጡን አይመርዝም፤ ቱቦው ድንገት ቢደፈን ደግሞ ማሰሮው ከመፈንዳቱ በፊት ሊጡ ራሱ ይለቃል። የጎማ ቁራጭና የፕላስቲክ ቱቦ ትኩስ እንፋሎት በሚያልፍበት ቦታ መግባት የለባቸውም። ረዘም ያለ ቱቦ አንድ ሌላ በጎ ነገር አለው፤ መቀበያውን ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ለማስቀመጥ ያስችላል። አረቄ ከእሳት አጠገብ ሲቀዳ የሚነሣ ቃጠሎ ቀላል አይደለምና ይህ ብቻውን የቱቦውን ዋጋ ያወጣል።

ውሃው

አንድ ሊትር አረቄ ከእንፋሎትነት ወደ ቀዝቃዛ ፈሳሽነት ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት 15 ሊትር ገደማ ውሃን በ30 ዲግሪ ያሞቃል። በሌላ አነጋገር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያቀዘቅዘው ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ አረቄ ነው። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ተሸክማ ለምታመጣ ሴት ይህ ከቱቦው ዋጋ ያላነሰ ጉዳይ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አንድ ጊዜ ከተሞላ ውሃው ሳይለወጥ እስከ 13 ሊትር የሚደርስ አረቄ ያወርዳል፤ ግማሹን የሚይዝ በርሜል ስድስት ሊትር ያህል ያወርዳል። የብዙ ቤተሰብ የአንድ ቀን ሥራ በዚህ ልክ ውስጥ ያልቃል።

ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ በርሜሉ መጀመሪያ የሚሞቀው ከአናቱ ነው። ተጨማሪ ውሃ ሲያስፈልግ ቀዝቃዛውን እስከ ታች በሚደርስ ቱቦ ከሥር ማስገባት፣ ሙቁን ከላይ መቅዳት ይገባል። ከላይ ቢጨመር ሁለቱ ይደባለቁና ውሃው ያለ ጥቅም ያልቃል። የተቀዳው ሙቅ ውሃ ጋን ለማጠብ ወይም ለልብስ ይሆናል፤ የተረፈው በርሜል ውስጥ አድሮ በማግሥቱ ይበርዳልና መድፋት አያስፈልግም።

አዲስ ቱቦ ከመጀመሪያው አረቄ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ቀጥሎም ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይታጠባል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ ማሰሮው ውስጥ ውሃ ብቻ አፍልቶ እንፋሎቱን ለግማሽ ሰዓት በቱቦው ማሳለፍና የወረደውን መድፋት ነው። ሥራ ፈትቶ የቆየ መዳብ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዝገት ያወጣል፤ ይህ ዝገት ሆድ የሚያውክና የሚያስታውክ ስለሆነ ለብዙ ሳምንታት የተቀመጠ ቱቦ እንደ አዲስ ይታጠባል። የሚወርደው አረቄ ወደ ሰማያዊ ካደላ ይደፋል እንጂ ለከብትም አይሰጥም። ሥራ ሲያልቅ ቱቦውን በሙቅ ውሃ አሳልፎ፣ ውስጡ ውሃ እንዳይቀር በአፍ ነፍቶ አድርቆ፣ ሁለቱን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ወትፎ በደረቅ ቦታ መስቀል ነው።